ከድንኳኑ ስር የሚነጠፈው ሸራ ጠርዝ ወደ ውጭ አይውጣ

ዝናብ ሲጥል ድንኳን ከታች የሚረጥበው ሁልጊዜ ስለተቀደደ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከስር የተነጠፈው ሸራ ነው። ሸራው ከድንኳኑ ወለል ሰፍቶ ከወጣ፣ በግድግዳው የሚወርደውን ውሃ ተቀብሎ ቀጥታ ወደ ስር ያስገባዋል። ኩሬ ላይ ተኛችሁ ማለት ነው።

ስለዚህ ሸራው በየጎኑ ከወለሉ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር እንዲያንስ ጠርዙን እጠፉት። ያኔ ውሃው አፈር ላይ ወርዶ ይሰርጋል። እጥፋቱ ግን ወደ መሬት በኩል ይሁን። ወደ ላይ ከሆነ ራሱ ውሃ ያቁራል፤ እኔ ይሄን ያወቅኩት ፍራሼ ከራሰ በኋላ ነው።

ጎድጓዳ ቦታ ላይ ከተከላችሁ ግን ይሄ ዘዴ አያድናችሁም። ድንኳኑን ነቅላችሁ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉ።