አንገት በራሱ ሲዞር፦ ጡንቻን በባዮፊድባክ ማላላት

አንገትዎ ሳያዝዙት ወደ አንድ ጎን እየዞረ ካስቸገረዎት፣ ቶሎ የሚመጣልዎት ነገር ታግሎ መመለስ ነው። ትግሉ ግን ሌላውንም ጎን ያወጥረዋል። ባዮፊድባክ፣ ማለትም የጡንቻን መወጠር በመሣሪያ እያዩ ወይም እየሰሙ ማላላትን መማር፣ የሚያለማምደው መልቀቅን ነው።

መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ችግሩ ሰርቪካል ዲስቶኒያ (የአንገት ጡንቻዎች ሳይታዘዙ የሚኮማተሩበት ሕመም) ከሆነ ዋናው ሕክምና በየሦስት ወሩ ገደማ የሚሰጠው፣ ጡንቻን የሚያላላው የቦቱሊነም መርፌ ነው። ባዮፊድባክ ደጋፊ ነው፤ የተሠሩበት ጥናቶችም ትንንሽ ናቸው። ትኩሳት ካለ፣ ወይም አንገቱ የተጣመመው እንደ ሜቶክሎፕራማይድ ያለ የማስመለስ ማስታገሻ ከተወሰደ በኋላ ከሆነ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ድሬዳዋ ያለ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ ሐረር ያለ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ይሂድ። ወጌሻ ጋ ሄዶ አንገት ማስጠምዘዝ ግን ይቅርብዎት።

የሚያስፈልገው የኢኤምጂ ባዮፊድባክ መሣሪያ ነው። ኤሌክትሪክ አይሰድም፤ ጡንቻው ሲኮማተር የሚያወጣውን ትንሽ ኤሌክትሪክ በማይክሮቮልት ለክቶ በቁጥር ወይም በድምፅ ያሳያል። ኤሌክትሪክ ወደ ሰውነት የሚሰደው ቴንስ የሚባለው ሌላ ነው፣ እንዳያምታቱት። የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት ከፊዚዮቴራፒስት ጋር ቢሠሩ ይሻላል።

ድሬ ላይ ትልቁ ጠላት ላብ ነው። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው የማሽኑ ተለጣፊ ይላቀቅና ማሽኑ ያለ ምክንያት ይጮኻል። ጠዋት፣ ሳይሞቅ ይሥሩ። ጫት አነቃቂ ስለሆነ ከበርጫ በፊት ይጨርሱ። ቬንትሌተሩንና የቻርጀር ገመዱንም ራቅ ያድርጉ፤ የእነሱ ኤሌክትሪክ ንባቡን ያበላሻል።

አሁን ጡንቻውን ይፈልጉ። ከጆሮ ኋላ ካለው አጥንት ተነስቶ ወደ ደረት አጥንት ጫፍ የሚወርደው ገመድ መሳይ ጡንቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጎኑን ነው፦ አገጭ ወደ ግራ ሲዞር ከፊት የሚጎትተው ብዙ ጊዜ የቀኙ ነው! ቆዳውን በአልኮል ይጥረጉ፣ ጺም ካለ ይላጩ፣ ይድረቅ። ሁለቱን ተለጣፊዎች በጡንቻው ርዝመት ሁለት ሳንቲሜትር ያህል አራርቀው፣ ሦስተኛውን ከአንገት ሥር ከፊት በአግድም የተዘረጋው አጥንት ላይ ይለጥፉ።

ጀርባዎን አስደግፈው ይቀመጡና ምንም ሳያደርጉ ቁጥሩን ያንብቡ። የድምፁን መነሻ፣ ማለትም ማሽኑ መጮኽ የሚጀምርበትን ቁጥር፣ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ያድርጉት፤ ጡንቻው ሲላላ ድምፁ ይጠፋል። ትንፋሽዎን ረዘም አድርገው ያውጡ፣ ትከሻዎን ይጣሉ። ጉንጭዎን በጣት ሲነኩ አንገትዎ ረገብ የሚልልዎት ከሆነ ይንኩትና ቁጥሩን ይዩ። ከወረደ፣ የሚፈልጉት ስሜት እሱ ነው። ቀስ በቀስ ያለ ጣት ይሞክሩት። ቁጥሩ ዝቅ ማለት ሲለምድ መነሻውንም ዝቅ ያድርጉ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ ካመመ ያቁሙ።

ተቀምጠው ሲሳካ ጭንቅላትዎን ወደ መሐል ይመልሱ፣ በዝግታ ያዙሩ፣ ከዚያ እያወሩና እየተራመዱ ይሞክሩ። በመጨረሻም ማሽኑን ገልብጠው ቁጥሩን ይገምቱ፣ ከዚያ ይዩ። ግምትዎ እየቀረበ ሲመጣ ያለ ማሽን መለማመድ ይጀምሩ።