ቅድመ ሙከራው «ችግር የለም» ሲላችሁ

ከውጭ አጋሮች ጋር የጤና ጥናት የምትሠሩ ሁሉ፣ ከዋናው ጥናት በፊት መጠይቁን ባሕር ዳር ዙሪያ በጥቂት ሰዎች ላይ ሞክራችሁ (ቅድመ ሙከራ የሚባለው ይህ ነው) «ሰዉ ሁሉንም ተረድቶታል» የሚል ሪፖርት ከመጣላችሁ ቶሎ አትመኑት። ብዙ ጊዜ እንከን የጠፋው መጠይቁ ጥሩ ስለሆነ ሳይሆን አሞካከሩ ስላልያዘው ነው። መጀመሪያ አሞካከራችሁን ፈትሹ።

ሁሉም «ገብቶኛል» ይላል

ምክንያቱ «ጥያቄው ገባዎት?» ብላችሁ መጠየቃችሁ ነው። ባጅ አንጠልጥሎ ከከተማ የመጣን እንግዳ ማን ያሳፍራል? ይህን ጥያቄ ሰርዙት። በምትኩ «እማማ፣ ይህንኑ ጎረቤትዎን ቢጠይቁ እንዴት አድርገው ይጠይቁታል?» በሉ። ያልገባ ነገር ካለ እዚህ ላይ ይወጣል።

«እያሰቡ ጮክ ብለው ይናገሩ» ሲባሉ ዝም ይላሉ

ተጠያቂው መልሱን ሲያስብ በልቡ ያለውን ሁሉ እንዲናገር ማድረግ ነው። የውጭ ባልደረቦች ይህን ዘዴ ይወዱታል፤ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለመጠይቅ ሙከራ የተስፋፋ ነው። እዚህ ግን ለብዙ ሰው ፈተና ይመስላል። በቀላል ነገር አለማምዱ፦ «ከቤትዎ እስከ ገበያ በመንገድዎ የሚያገኙትን እየቆጠሩ ይንገሩኝ።» ካልሆነ በቃ ተዉትና ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ «ይህን ሲሉኝ የትኛውን ቀን አሰቡ? ማንን ቆጠሩ?» እያላችሁ ሂዱ። ፕሮቶኮሉ (የጥናቱ መመሪያ) ላይ ተጽፏል ብሎ ዝም ካለ ሰው ጋር መታገል ጊዜ ማባከን ነው።

ዓሣ አስጋሪው የሐይቁ ውሃ አልነካኝም ይላል

ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ሰውየው አልዋሸም፤ ያሰበው ዋናን ወይም ገላ መታጠብን ነው። ታንኳ ሲገፋ እስከ ጉልበቱ መግባቱ ለእሱ የዘወትር ሥራው ነውና ከቁጥር አይገባም፤ ቢልሃርዝያ (ውሃ ውስጥ ያለ ጥገኛ ትል የሚያመጣው በሽታ) ግን በቆዳ በኩል ስለሚገባ ያችው ውሃ ትበቃለች። በሙከራው ጊዜ «ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ምን ምን ሠሩ?» ብላችሁ አስተርኩትና ከመልሱ ጋር አስተያዩ። ካልተጣጣመ ጥያቄውን በሥራ በሥራ ከፋፍሉት፦ ታንኳ መግፋት፣ መረብ መጎተት፣ ልብስ ማጠብ፣ ውሃ መቅዳት። ልብስ አጣቢ ሴቶችንም ሳትሞክሩ አትለፉ።

የወተት፣ የእንቁላልና የሥጋ ጥያቄዎች ያለ ችግር አለፉ

ጥያቄዎቹ «ትናንት በልተዋል?» የሚሉ ናቸውና የሞከራችሁት ሐሙስ ከሆነ «ትናንት» ረቡዕ ነው፣ ጾም። አብዛኛው ሰው «አልበላሁም» ብሎ ስለሚያልፍ ጥያቄዎቹ ጭራሽ አልተሞከሩም ማለት ነው። ቀን ቀያይሩ። ዓሣን በጾም የሚበላም የማይበላም ስላለ እሱን ለብቻው ፈትሹት።

«ባለፉት 30 ቀናት» ሲባል መልሱ ይወዛገባል

በቀን መቁጠሪያ ፈንታ በዓል አስይዙ። ወሮቻችን 30 ቀን ስለሆኑ ጳጉሜን መሃል ካልገባች በቀር ካለፈው ሚካኤል እስከ ዛሬው ሚካኤል ልክ 30 ቀን ነው። ለሙስሊም ቤተሰብ ጁምዓ ወይም የገበያ ቀን እየቆጠራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ።

ስለ ወሊድ መከላከያ ሲጠየቁ ሁሉም «አልጠቀምም»

ጎረቤት ቡና ላይ ተቀምጦ እየሰማ ምን እንዲሉ ትጠብቃላችሁ? ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። አንዱ ከጎረቤቶቹ ጋር ቡናውን ይጠጣ፣ ሌላዋ ባለቤቲቱን ወደ ጓሮ ይዛ ትጠይቅ።

ችግሩ ታይቷል፣ መጠይቁ ግን አልተቀየረም

ጠያቂዎቹ የሚመዘኑት በጨረሱት ቅጽ ብዛት ከሆነ ችግር አያወሩም። በሙከራ ጊዜ ኮታውን አንሱላቸው፤ ማታ ማታ ተሰብስበው ሰዎቹ ያሉትን ቃል በቃል በአማርኛ ይጻፉ። ለውጭ አጋሮች ከሳምንታት በኋላ የተጨመቀ ሪፖርት ሳይሆን እነዚህን ንግግሮች ተርጉማችሁ በማግስቱ ላኩ፤ «ይህ ጥያቄ በሌሎች ጥናቶች ተፈትሾ የተረጋገጠ መለኪያ ነው፣ አይነካም» የሚል ሰው እንኳ ሦስት የተለያዩ ሰዎች በሦስት መንገድ እንደተረዱት ሲያነብ ለመነጋገር ይቀርባል። ካስተካከላችሁ በኋላ በአዲስ ሰዎች ድገሙት፤ በዚህኛው ዙር ከከተማው ወጥታችሁ ዘጌ ወይም ደቅ ደሴት ላይ ሞክሩት።