ስቱዲዮው ሲያጉረመርም ከየት ይጀመራል?

ዘፋኙ ማይኩ ፊት ቆሟል። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ከሞኒተሩ (ከስቱዲዮው ስፒከር) የሚወጣው ግን «እምምም» የሚል ድምፅ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያገኘውን ገመድ ሁሉ መነቃቀል ይጀምራል። እባካችሁ ተዉት። ሁሉንም ነቅላችሁ ስትሰኩ ችግሩ ቢጠፋ እንኳ የት እንደነበር አታውቁም። ተመልሶ መምጣቱ ደግሞ አይቀርም፣ ያውም ቀረጻው ሲሟሟቅ።

የኔ ደንብ አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ቀይሩ፣ ስሙ፣ ለውጥ ከሌለ ወደነበረበት መልሱ። ድምፁ ከማይክ እስከ ሞኒተር ከሚሄድበት መንገድ መጀመሪያ መሀሉን እዩ። ሰውየው ሲናገር ሳውንድ ካርዱ (ማይኩ የሚሰካበት፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ሣጥን) ላይ ያለችው የሲግናል መብራት ትበራለች? ከበራች የማይኩ ድምፅ በኬብሉ እየደረሰ ነው፤ ከሞኒተሩ ካልተሰማ ችግሩ ኮምፒውተሩ ወይም ሞኒተሩ ጋ ነው። ብዙ ጊዜ ማይኩ 1 ላይ ተሰክቶ ሶፍትዌሩ ኢንፑት 2ን እየጠበቀ ታገኙታላችሁ። ካልበራች ግን ሶፍትዌሩን አትነካኩ፣ ወደ ማይኩ ሂዱ።

አብዛኛው ኮንደንሰር ማይክ ያለ 48 ቮልት ፋንተም (በማይኩ ኬብል በኩል የሚላክለት ኃይል) አይሠራም። ስለዚህ መጀመሪያ ቁልፉን እዩ። በርቶም ዝም ካለ ፋንተሙን አጥፉና በዚያው ኬብል ዳይናሚክ ማይክ ሰኩበት። እኔ ለዚህ ሥራ ሹር ኤስኤም 58 አላጣም፤ ፋንተም አይፈልግም፣ ቢወድቅም ግድ የለውም። እሱ ከሠራ ጥርጣሬው ኮንደንሰሩና ፋንተሙ ላይ ነው። እሱም ዝም ካለ ኬብሉን ያዙት።

ስለ ኬብል ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አብዛኛው «ማሽኑ ተበላሸ» የሚባል ነገር እዚህ ያልቃል። የማይክ ኬብል ሦስት እግር አለው። 1 ሺልዱ (ሌሎቹን ገመዶች የሚሸፍነው) ነው፣ 2 እና 3 ድምፁን ይሸከማሉ። ቴስተራችሁን ጩኸት ላይ አድርጉና ከ1 ወደ 1፣ ከ2 ወደ 2፣ ከ3 ወደ 3 ለኩ። መጮኽ አለበት። ከ1 ወደ 2 ወይም ከ2 ወደ 3 ሲሆን ግን መጮኽ የለበትም። እየጮኸ እያለ ኬብሉን ጃኩ አንገት ላይ ወዲያ ወዲህ አጠፍ አጠፍ አድርጉት። ከተቆራረጠ አገኛችሁት። ጃኩን ፈታችሁ ስታዩ አንዷ ገመድ ከብየዳው ተላቃ፣ ወይም ፀጉር የምታክል የሺልድ ክር ጎረቤቷን እግር ነክታ ትገኛለች። 2 ወይም 3 ሲበጠስ ድምፁ ይሳሳል፣ ኸም (ያ «እምምም» የሚለው ድምፅ) ይጨምራል። 1 ሲበጠስ ፋንተም አያልፍም። የሞተ ኬብል ላይ ወዲያው ቀይ ፕላስተር ጠቅልሉበት። ዝም ብሎ ወደ ካርቶኑ የሚመልሰው ሰው ግን ጠላታችሁ ነው።

አሁን ወደ ኸሙ። የኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ሶፍትዌሩ ውስጥ ባለው ኢኪው (የድምፅ ማስተካከያ) ላይ ስፔክትረሙን ብትከፍቱ 50፣ 100፣ 150 ላይ ሹል ሹል ሆኖ ከታየ ምንጩ የመብራት መስመር ነው። ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ንቀሉና በባትሪ አስኬዱት። ኸሙ ድርግም ብሎ ከጠፋ የግራውንድ ሉፕ ነው፤ ኮምፒውተሩና ሞኒተሮቹ በተለያየ ሶኬት ግራውንድ አግኝተው፣ በድምፁ ኬብል በኩል ደግሞ ተገናኝተዋል። ሁሉንም አንድ ሶኬት ላይ በተሰካ አንድ ዲቫይደር ሰብስቡ። ካልጠፋ ከሳውንድ ካርዱ ወደ ሞኒተር የሚሄዱትን ገመዶች ባላንስድ (እንደ ማይክ ኬብሉ ድምፁን በሁለት ገመድና በሺልድ የሚያስተላልፍ) አድርጉ። ለጊታርና ለኤሌክትሪክ ክራር ዲአይ ቦክስ (መሣሪያውን ከማይክ ኢንፑት ጋር የሚያገናኝ ሣጥን) ላይ ያለችውን የግራውንድ ሊፍት ቁልፍ ሞክሩ። ጊታሪስቱ ዞር ሲል ኸሙ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ግን ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው ክፍል) ነው ኸሙን ከአየር የሚለቅመው። ዲመር (ብርሃን መቀነሻ) ያለውን አምፖል አጥፉ፣ ሰውየውንም ከትራንስፎርመር አርቁት።

የስፒናውን የግራውንድ እግር ቆርጦ «ይኸው ጠፋ» የሚል ባለሙያ አይጠፋም። ኸሙ ይጠፋል፣ ሰውም ሊጠፋ ይችላል። ዘፋኙ ከንፈሩ ማይኩን ሲነካ «ነዘረኝ» ካለ ቀረጻውን ባለበት አቁሙና ኤሌክትሪሻን ጥሩ። ሶኬቱ የግራውንድ ቦታ ስላለው ብቻ ከኋላው ገመድ አለ ማለት አይደለም።

ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ሌላ ነው። ያ አብዛኛውን ጊዜ በፈር ነው፣ ኮምፒውተሩ ድምፁን ለአፍታ የሚያጠራቅምበት ቦታ። ስትቀርጹ 128፣ ስትሚክሱ 512 ወይም 1024 አድርጉት። በትልቅ በፈር ከጠፋ ኬብል ፍለጋ አትድከሙ።

ዘፋኙ «ድምፄን ምን አደረጋችሁት፣ ወፍራም ሆኗል» ካለ ሳምፕል ሬቱን (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) እዩ። የቪዲዮ ሰዎች በ48 ኪሎ ሄርዝ ይሠራሉ፣ ሙዚቃ ብዙ ጊዜ በ44.1 ነው። በ48 የተቀረጸው በ44.1 ሲከፈት ይዘገያል፣ አንድ ተኩል ሰሚቶን ያህልም ይወርዳል። ማሽኑ ምንም አልሆነም።

ከበሮን በሁለት ማይክ፣ ከትልቁም ከትንሹም ፊት ስትቀርጹ ሁለቱን ስትደምሩ ቤዙ ከጠፋ በአንዱ ቻናል ላይ የፖላሪቲ ቁልፉን (የድምፁን ሞገድ የሚገለብጠውን) ተጫኑ። በሁለቱም ሁኔታ ስሙና የወፈረውን ያዙ።

መብራት ሲሄድ ሁሉንም ማብሪያ ማጥፊያ አጥፉ፣ እንደመጣም አትቸኩሉ፤ ትንሽ ይረጋጋ። ስታበሩ ሞኒተሩ የመጨረሻ፣ ስታጠፉ ሞኒተሩ የመጀመሪያ ይሁን። ፌደር ወይም ኖብ ሲንኮሻኮሽ የኤሌክትሮኒክስ ኮንታክት ክሊነር ትንሽ ረጩበትና ደጋግማችሁ አዙሩት፤ ለመኪና የሚሸጠው ቅባት ግን አቧራ ይሰበስባል። የአምፕሊፋየርን ክዳን ግን አትክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ቻርጅ ይዞ ይቆያል።