በኒውዚላንዱ አርተርስ ፓስ ብሔራዊ ፓርክ አጋዘንና ሻሞዋ እንዴት ይታደናል?

ዋልያ በሰሜን ተራሮች እንዴት እንደሚጠበቅ ለሚያውቅ አንባቢ፣ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አደን መፈቀዱ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። ኒውዚላንድ ግን ከሌሊት ወፍ በቀር የራሷ የየብስ አጥቢ እንስሳ አልነበራትም። ቀይ አጋዘን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከብሪታንያ የመጣ ሲሆን፣ ቀንዱ ጫፉ ላይ እንደ መንጠቆ የሚታጠፈው የፍየል ዘመድ ሻሞዋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1907 ከኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ በስጦታ ተልኮ በተራሮቹ ላይ ተለቀቀ። ሁለቱም ተራብተው የአገሩን ዕፅዋት ስለሚጎዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1929 በተቋቋመው በዚህ ፓርክ አደን የጥበቃው ሥራ አካል ነው።

አዳኙ በመጀመሪያ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ቀጥሎ የአገሪቱ የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት ያለ ክፍያ የሚሰጠውን የአደን ፈቃድ አውጥቶ በጉዞው ሁሉ መያዝና የተፈቀዱትን አካባቢዎች በካርታው ላይ መለየት አለበት። በሌሊት መብራት እያበሩ ማደን ክልክል ነው።

አጋዘን ንጋት ላይና ማምሻውን ከጫካው ጠርዝ ወጥቶ ይግጣል፤ ሻሞዋ ደግሞ ከዛፎቹ ወሰን በላይ ባለው ገደላማ ሣር ላይ ይገኛል። የአጋዘን የድሪያ ወቅት ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ገደማ ሲሆን የሻሞዋ ከዚያ በኋላ ይከተላል።

የተራራ አደን የሚሳካውም የሚበላሸውም በነፋስ ነው። ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ሲመሽና ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቁልቁል ይወርዳል፤ ስለዚህ ረፋዱ ላይ ከታች ወደ ላይ የሚጠጋን አዳኝ ጠረኑ ቀድሞት ይደርሳል። ጎህ ሳይቀድ በሸንተረሩ በኩል ወጥቶ ከላይ መጠበቅ ይሻላል፤ ሻሞዋ አደጋን በአብዛኛው ከበታቹ ስለሚጠብቅ ይህ ሁለት ጥቅም አለው። ደረቅ ሣር በጣት አሽቶ መልቀቅ የነፋሱን አቅጣጫ ያሳያል፤ ይህንንም በየኩርባው መድገም ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ የሚገባው ከመተኮስ በፊት ባለው ቅጽበት ነው። በድሪያ ወቅት አዳኞች ወንዱን አጋዘን ለመሳብ እንደ እርሱ ያገሳሉ፤ ስለዚህ ከጫካ የሚሰማው ግሳት የሌላ አዳኝ ድምፅ ሊሆን ይችላል። ድምፅ፣ ቀለም ወይም የቅጠል መንቀሳቀስ ማስረጃ አይደለም። የእንስሳው ራስ፣ አንገትና ትከሻ በግልጽ ሳይታዩ መተኮስ አይገባም፤ ለመለየትም የሩቅ ማያ መነጽር እንጂ የጠመንጃው መነጽር አይደለም የሚያገለግለው፤ በእርሱ መመልከት አፈሙዙን ባልታወቀ ነገር ላይ ማነጣጠር ነውና። ጥይት የሚጎርሰው ለመተኮስ ሲወሰን ብቻ ነው። ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ መልበስ አያሳስብ፤ አጋዘን ያንን ቀለም እንደ ሰው አይለየውም።

ሻሞዋ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ከሆነ፣ ቢወድቅ በሰላም የሚደረስበት መሆኑን አስቀድሞ ማመዛዘን ግድ ነው። ከተመታ በኋላ ሆድ ዕቃው ፈጥኖ ይወጣል፣ ሥጋውም ተቆራርጦ በጥላ ይቀዘቅዛል።

በመጨረሻም የሳተላይት የአደጋ ምልክት መስጫ መያዝ፣ የመመለሻ ቀንን ለሚታመን ሰው መንገር፣ ዋይማካሪሪን የመሰሉ ወንዞች በዝናብ ከሞሉም የተባለው ቀን ቢያልፍም ውኃው እስኪጎድል ከዳር መጠበቅ ያስፈልጋል።