የኮርኒስ ፋን በሙቀቱም በብርዱም፦ እንዴት እንጠቀምበት?

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የምንኖር ሰዎች የጁላይን ሙቀት እናውቀዋለን። የሚብሰው ወበቁ ነው፤ ልብስ ገላ ላይ ይጣበቃል። ብዙዎቻችን ቀኑን ሙሉ ኤሲ ለቀን እንውልና የመብራት ቢሉ ሲመጣ እንደነግጣለን። ኮርኒሱ ላይ የተሰቀለው ፋን ግን አያያዙን ካወቅንበት ብዙ ያግዘናል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ፋን ሰውን እንጂ ቤትን አያቀዘቅዝም። ነፋሱ ላባችንን ሲያደርቅ ሙቀቱን ከገላችን ይዞ ይሄዳል፤ የክፍሉ አየር ግን ያው ነው። እኔም አንድ ሰሞን ቤቱ ቀዝቅዞ ይጠብቀኛል ብዬ ፋኑን ከፍቼ ሥራ እሄድ ነበር። ማታ ስገባ ቤቱ እንደሞቀ ነው፤ ቆጣሪው ብቻ ሲቆጥር ውሏል። ከክፍሉ ስትወጡ አጥፉት።

አሁን አቅጣጫውን እንይ። ፋኑን አጥፉና ክንፎቹ እስኪቆሙ ጠብቁ። በመሰላል ውጡ። ሞተሩ ጎን ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የምትንሸራተት ትንሽ ማብሪያ የምትመስል ነገር አለች፤ አዟዟሩን የምትቀይረው እሷ ናት፤ በአንዳንዱ ፋን ሪሞቱ ላይ ናት። በሙቀት ጊዜ ከሥሩ ቆማችሁ ቀና ስትሉ ክንፎቹ ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ መዞር አለባቸው። ከተምታታባችሁ ቡና ስታፈሉ ዕጣኑን ፋኑ ሥር አጭሱት። ጭሱ ወደ ታች ተገፍቶ ከተበተነ ልክ ነው። ወደ ላይ ከተሳበ ግን አዟዟሩ የብርድ ነው።

ቁጠባው ያለው ግን ቀጥሎ ባለው ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ፋኑን ከፍታችሁ ኤሲውን በነበረበት ከተዋችሁት ቢሉ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ቴርሞስታቱን ከፍ አድርጉት። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ ፋን እየሠራ 4 ዲግሪ ፋራናይት ያህል ከፍ ቢደረግ ምቾታችን አይቀንስም። 74 ላይ ከነበረ 78 አድርጉት ማለት ነው። የተለመደው ፋን ብዙውን ጊዜ ከ75 ዋት አይበልጥም፤ የሙሉ ቤት ኤሲ ግን 3 ሺህ ዋት ገደማ ይበላል።

ብርዱ ገብቶ ሂተር ሲጀመር ደግሞ አቅጣጫውን ገልብጡት። ሞቃት አየር ቀላል ስለሆነ ኮርኒሱ ሥር ይከማቻል፤ እኛ ታች እግራችን ይበርደናል። ፋኑ በዝቅተኛ ፍጥነት በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ሲዞር አየሩን ወደ ላይ ይስብና የተከማቸውን ሙቀት በግድግዳው በኩል ያወርደዋል። ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ነፋስ ከተሰማችሁ ፍጥነቱ በዝቷል። ኮርኒሱ ከፍ ያለ ሳሎን ውስጥ ልዩነቱ ይታወቃል፤ ዝቅ ባለ ቤት ብዙ አትጠብቁ።

ስትገለብጡት በዚያው ክንፎቹን አጽዱ። አሮጌ የትራስ ልብስ ክንፉን አልብሱትና ቀስ ብላችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡት። አቧራው አልጋው ላይ ሳይራገፍ እዚያው ውስጥ ይቀራል። የሚወዛወዝ ከሆነ የክንፎቹን ብሎኖች አጥብቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከዚያ ነው።

አዲስ የምታሰቅሉ ከሆነ ክንፎቹ ከወለሉ ቢያንስ 7 ጫማ፣ ከግድግዳው 18 ኢንች ይራቁ። ኮርኒሱ ውስጥ ያለው ተራ የመብራት ሳጥን ግን የፋን ክብደትና ንዝረት ላይችል ይችላል። ለፋን ተብሎ የተሠራውን ሳጥን በኤሌክትሪሺያን አስገጥሙ። ከልጆች አልጋ በላይ ከሆነማ በዚህ ገንዘብ አትቆጥቡ።