ሳኔቲን በሞቀ እጅ፦ ኬኤልአር 650 ላይ የሚሞቅ እጀታ አገጣጠም

ሥራዬ የክትባት ማቀዝቀዣ መጠገን ነው። ከባሌ ጎባ ተነስቼ የሳኔቲን አምባ እያቋረጥኩ እስከ ደሎ መና ድረስ ያሉትን ጤና ጣቢያዎች በሞተር አዳርሳለሁ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት፤ አንዳንዱ በረዶ ከነካው አለቀለት፣ ይጣላል። የእኔ ጣት ስንት ዲግሪ ላይ መቆየት እንዳለበት ግን እስከ ዛሬ መመሪያ የጻፈልኝ የለም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከጎባ ወጥቼ 4,000 ሜትሩን ሳልፍ ጅብራው ሁሉ ውርጭ ለብሶ ይቆያል፤ ቀይ ቀበሮዋ እንኳን ፀሐይ እስኪወጣ ተጠቅልላ ነው የምትጠብቀው። ያኔ የግራ እጄ ፍሪሲዮኑን መጨበጡን የማረጋግጠው በዓይኔ አይቼ ነበር።

ወፍራም የሱፍ ጓንት ሞከርኩ። ይሞቃል፣ ግን የፍሬኑ ማንሻ ጣቴ ስር አይታወቀኝም። በጓንቱ ላይ ፌስታል አጠለቅኩበት፤ ንፋሱን ያዘልኝ፣ ላቤን ደግሞ አጠራቀመልኝና ቁልቁለቱ ላይ ቀዘቀዘብኝ። በመጨረሻ እህቴ ከዱባይ ስትመጣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የሞተር እጀታ አመጣችልኝ። በዚያ ሙቀት ውስጥ የእጅ ማሞቂያ የሚሸጥ ሱቅ መኖሩ እስካሁን ያስቀኛል።

ሞተሬ የ2009 ሞዴል ካዋሳኪ ኬኤልአር 650 ነው። የምጽፈው በእሱ ላይ የሠራሁትን ይሁን እንጂ 22 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መሪና 12 ቮልት ባትሪ ያለው ሞተር ሁሉ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ ማሞቁ ቀላል ነው። አስቸጋሪው መሪ የሚባለው ነገር አንድ ቦታ የማይቀመጥ መሆኑ ነው። ይዞራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ የቀኙ እጀታ ደግሞ በራሱ ይሽከረከራል። ጊዜያችሁን እዚያ ላይ አጥፉት።

መጀመሪያ ሒሳቡ። የእኔ ዕቃ ሁለቱ እጀታዎች ሲደመሩ እስከ መጨረሻ ሲከፈቱ 4 አምፔር ገደማ ይስባሉ፤ ወደ 50 ዋት ማለት ነው። የኬኤልአር ዲናሞ በደህና ዙር የሚያወጣው ከ200 ዋት ትንሽ አለፍ ይላል፤ ከዚያ ላይ የፊት መብራቱ፣ የኋላው መብራትና ማቀጣጠያው ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ይበቃል፣ ግን ተርፎ አይፈስም። ተጨማሪ ትልልቅ መብራት ከፊት የገጠማችሁ ሰዎች ከእጀታውና ከመብራቱ አንዱን ምረጡ፣ ወይም ሁለቱን ባንድ ጊዜ አታብሩ። ትንንሾቹ 125 ሞተሮች ላይ ደግሞ ዲናሞው ምን ያህል እንደሚያወጣ ሳታዩ ዕቃውን እንዳትገዙ።

ዕቃው በሁለት ዓይነት ይመጣል። አንዱ ሙሉ እጀታ ነው፤ ማሞቂያው ጎማው ውስጥ ተቀብሯል፣ አሮጌውን አውጥታችሁ ይህን ትተካላችሁ። ሌላው እንደ ፕላስተር የሚለጠፍ ስስ ነገር ነው፤ ከራሳችሁ እጀታ ሥር ይጠቀለላል። ሁለተኛው ይረክሳል፣ ነገር ግን እጀታው በላዩ ላይ ተገፍቶ ሲገባ ማሞቂያውን ይሸበሽበዋል። እኔ ሙሉውን እመርጣለሁ።

ሙጫ ከመንካታችሁ በፊት ዕቃውን ፈትሹ። መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ኦም ላይ አድርጋችሁ የእያንዳንዱን እጀታ ሁለት ሽቦ ለኩ። የእኔዎቹ 6.5 ኦም ገደማ አሳዩ፤ 13 ቮልት ለ6.5 ሲካፈል 2 አምፔር፣ ለሁለቱ 4፤ ከላይ ያልኩት ቁጥር ይኸው ነው። አንዱ 6.5 ሌላው 20 ካሳያችሁ፣ ወይም ጭራሽ ካላነበበ፣ ውስጡ ተቆርጧል። ይህን ሳትለኩ ከለጠፋችሁት በኋላ የምታወጡት በምላጭ ሰንጥቃችሁ ነው።

አሮጌዎቹን እጀታዎች ማውጣት አያስቸግርም። ዳግም የማትፈልጓቸው ከሆነ በምላጭ ሰንጥቋቸው፤ የምትፈልጓቸው ከሆነ ቀጭን ካቻቢቴ በሥራቸው አስገብታችሁ የሳሙና ውኃ ጠብ አድርጉና እያዞራችሁ ሳቡ። ጫፍ ላይ ያሉትን ክብደቶች መጀመሪያ መፍታት አትርሱ። ከዚያ መሪውን በአልኮል ጥረጉት፤ ቅባት ያለበት ብረት ላይ የትኛውም ሙጫ አይዝም።

አሁን ዋናው፣ ቀኝ እጅ። የነዳጅ መስጫው እጀታ የሚቀመጠው በብረቱ ላይ ሳይሆን በብረቱ ላይ በምትሽከረከር የፕላስቲክ ቱቦ ላይ ነው። ስለዚህ የቀኙ እጀታ ቀዳዳ ከግራው ይሰፋል፤ ግራ ቀኙን እንዳትቀያይሩ። ቱቦዋ ላይ የድሮው እጀታ እንዳይሽከረከር የተሠሩ ጎርበጥባጣ መስመሮች አሉ። አዲሱ እጀታ ውስጡ ልሙጥ ስለሆነ እነሱ ላይ አይገባም። በሞረድ አወረድኳቸው፣ በብርጭቆ ወረቀት ጨረስኩት። ቀስ ብላችሁ፣ በየጥቂቱ እጀታውን እየለካችሁ አውርዱ፤ ቱቦዋ ስስ ናት፣ ከተበሳች ሌላ ፍለጋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መሄዳችሁ ነው።

ያለ ሙጫ አስገቡትና ሽቦው የሚወጣበትን አቅጣጫ ምረጡ። ነዳጁ ሲዘጋም እስከ መጨረሻ ሲከፈትም ሽቦው ከፍሬኑ ማንሻ፣ ከፍሬኑ ዘይት ታንከርና ከማብሪያ ሳጥኑ ጋር መጋጨት የለበትም። እኔ ሲዘጋ ወደ ፊትና ወደ ታች እንዲያይ አደረግኩት። አቅጣጫውን በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ሙጫ ከተቀባ በኋላ የማሰቢያ ጊዜ የለም። አብሮ የሚመጣው ሙጫ በአሥር፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ይነክሳል። ቀቡት፣ ባንድ ትንፋሽ እያዞራችሁ ግፉት፣ ምልክቱ ላይ አቁሙት። መሃል ላይ ቆም ብሎ ማስተካከል የሚባል ነገር የለም።

ግፉት ስል ግን ጥግ ድረስ አይደለም። እዚህ ጋ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። የመጀመሪያ ጊዜ እጀታውን ከማብሪያ ሳጥኑ ጋር አስነክቼ ለጠፍኩት። ጋራዥ ውስጥ ስሞክረው ነዳጁ ደህና ይመለስ ነበር። ከሳኔቲ ወደ ሪራ ስወርድ፣ የመጀመሪያዎቹ መታጠፊያዎች ላይ፣ እጄን ለቀቅ ሳደርግ ሞተሩ ዙሩን አልቀንስ አለ። ጎማው ሞቆ ለጠጥ ብሎ ሳጥኑን ይዞት ኖሯል። በእጄ ወደ ፊት ገፍቼ ዘጋሁት፣ ዳር ይዤ ቆምኩ፣ ከኪሴ ምላጭ አውጥቼ የእጀታውን ከንፈር ዙሪያውን ቆረጥኩት። ከዚያ ወዲህ ከመለጠፌ በፊት በሳጥኑና በእጀታው መካከል ሁለት የመታወቂያ ካርድ ደርቤ አስገባለሁ፣ ሙጫው ሲይዝ አወጣቸዋለሁ። ያቺ ክፍተት ይበቃታል። በውጭ በኩልም እጀታው የጫፉን ክብደት አይንካ።

ግራው ቀላል ነው፣ አይዞርም። ግን ብረት ላይ ስለሚቀመጥ ሙቀቱን መሪው ይጠጣዋል፤ ቀኙ ሲያቃጥል ግራው ለብ ያለ ይሆናል። ሲሞቅ የሚሰበሰበውን የፕላስቲክ ቱቦ በስሱ መሪው ላይ ባለብስ ልዩነቱ በጣም ቀነሰ። ይህን የምታደርጉት እጀታው ትርፍ ቦታ ካለው ብቻ ነው። የማሞቂያውን ማብሪያ በግራ በኩል፣ አውራ ጣት የሚደርስበት ላይ አሰርኩት። ቀኝ እጅ ነዳጅና ፍሬን ይበቃዋል።

ወደ ሽቦው እንምጣ። ኔጋቲቩን ከባትሪው አስቀድማችሁ ፍቱ፤ ስትጨርሱም መጨረሻ የሚታሰረው እሱ ነው። ፖዘቲቩን ስትፈቱ ቁልፉ ቻሲውን ቢነካ ብልጭ እንዳይል ነው። ወንበሩ ይነሳል፣ የጎን ፕላስቲኮቹ ይወልቃሉ፣ ታንከሩም ይነሳል። 23 ሊትር ነው የሚይዘው፤ ሞልታችሁት እንዳታነሱ፣ ወገባችሁን ትጎዳላችሁ።

ከጎኔ ያለው ጋራዥ የሚሠራ ልጅ እያገዘኝ ነበርና «ጋሼ፣ ለምን ከፊት መብራቱ ሽቦ ላይ አንቀጥለውም? አምስት ደቂቃ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አምስት ደቂቃ ነው። ግን ያ ሽቦ የተለካው ለመብራቱ ነው። በላዩ ላይ 4 አምፔር ስትጨምሩበት ወይ ፊውዙ በጨለማ መንገድ ላይ ይቃጠላል፣ ወይ ሽቦው ይሞቃል። እጀታ ቢጠፋ ይበርደኛል፤ መብራት ቢጠፋ ገደል አለ።

«እንግዲያስ ቀጥታ ከባትሪው?» አለ። እሱንም ሞክሬዋለሁ፣ የመጀመሪያ ሙከራዬ እሱ ነበር። ደሎ መና ማታ ደረስኩ፤ እዚያ ቆላ ነው፣ ሙቀት። ጓንት እንዳጠለቅኩ ማሞቂያውን ያጠፋሁት መስሎኝ ወደ ዝቅተኛው ብቻ አውርጄው ነበር፤ ማንም እጀታ ዳስሶ አይተኛም። የኬኤልአር ባትሪ 14 አምፔር ሰዓት ነው። ሙሉ ከተከፈተ በ4 ሲካፈል ሦስት ሰዓት ተኩል፤ በዝቅተኛውም ቢሆን ሌሊቱ ይበቃዋል። ጠዋት ቁልፉን ባዞር ጠቅ የሚል ድምፅ እንኳን የለም። ሦስት የቡና ነጋዴዎች ገፍተው አስነሱልኝ።

ስለዚህ ሪሌይ፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ። አራት እግር አለው፤ ቁጥሮቹ ከሥሩ ተጽፈዋል። ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚመጣው ሽቦ በፊውዝ አልፎ 30 ላይ ይገባል። 87 ወደ እጀታዎቹ ማብሪያ ፖዘቲቭ ይሄዳል። 85 ኔጋቲቭ ነው። 86 ላይ ደግሞ የሞተሩ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያገኝ ቀጭን ሽቦ ይታሰራል። ኬኤልአር ላይ ይህን መፈለግ አያስፈልግም፤ ከፊት መብራቱ ኋላ ፋብሪካው ለተጨማሪ ዕቃ ብሎ የተዋቸው ሁለት ሽቦዎች አሉ። ሌላ ሞተር ላይ ግን ከኋላ መብራቱ ውሰዱ፤ ሪሌዩ ለራሱ የሚፈልገው ከሩብ አምፔር በታች ስለሆነ አይከብደውም። ቁልፉን ስታዞሩ ጠቅ ካለ ገብቷል። የእጀታዎቹ ኔጋቲቭ በቀጥታ ወደ ባትሪው ይመለስ፤ ቀለም የተቀባ ብሎን ላይ አትሰሩት።

ፊውዙ 7.5 አምፔር፣ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ። ፊውዝ የሚጠብቀው ከእሱ በኋላ ያለውን ሽቦ ነው፤ መሪው ጋ ካደረጋችሁት ከባትሪ እስከ መሪ ያለው ሽቦ ሁሉ ያለ ጠባቂ ቀረ።

የቤት መብራት ሽቦ አትጠቀሙ። አንድ ወጥ መዳብ ስለሆነ ንዝረት ሲበዛበት ውስጡ ይሰበራል፣ ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል። በጠጠር መንገድ ላይ የሚሄድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ስንቱን አግኝቻለሁ። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይበቃል። መቀጠያው ላይ በተርሚናል ጨምቄ አስራለሁ። ስታኞ መጥፎ አይደለም፣ ግን ከተበየደው ቦታ ቀጥሎ ሽቦው ድርቅ ስለሚል መሪው ሲታጠፍ የሚበጠሰው እዚያው ጋ ነው፤ ከበየዳችሁ የማይንቀሳቀስ ቦታ ላይ ይሁን። ናስትሮ ብቻውን አይበቃም፤ ቆላ ሲወርድ ሙጫው ይቀልጥና ይፈታል።

ሽቦዎቹን የፋብሪካው ገመዶች ባለፉበት መንገድ አሳልፉ፤ ከመሪው አንገት ጎን። ከቀኝ እጀታው የሚወጣውን ሽቦ የመጀመሪያዋን ማሰሪያ ከእጀታው አንድ ስንዝር ያህል አርቄ፣ ትንሽ ቀለበት ትቼ ነው ያሰርኩት። ቀለበቷ ከሌለች በየመዞሩ ሽቦው ከሥሩ ይታጠፋል፤ ብዙ ሰው በሁለት ወር «ዕቃው ተበላሸ» የሚለው እዚህ ጋ ተቆርጦበት ነው።

ታንከሩን ከመመለሳችሁ በፊት ሞተሩን ማስነሳት የማይመች ከሆነ ቢያንስ ቁልፉን ከፍታችሁ እጀታው መሞቁን እዩ። ከመለሳችሁ በኋላ አስነሱት፣ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ መሪውን እስከ ጥግ ግራ፣ እስከ ጥግ ቀኝ አዙሩ። ዙሩ ከጨመረ የሆነ ገመድ የነዳጁን ኬብል እየሳበው ነው፤ ፍቱና እንደገና እሰሩ። ነዳጁን ከፍታችሁ በድንገት ልቀቁት፣ በሦስቱም የመሪ አቀማመጥ፤ ጥፍ ብሎ መመለስ አለበት። ሙጫው አንድ ሌሊት ይደር።

ከዚያ መልቲሜትሩን ባትሪው ላይ አድርጉ። የእኔ ሞተር እጀታው ጠፍቶ 14.1 ያነባል፤ ሙሉ ተከፍቶ በደህና ዙር 13.8፤ ቆሞ ሲሠራ ግን 12.7 ይወርዳል። ስለዚህ ጎባ ከተማ ውስጥ ዝግ እያልኩ ስወጣ አልከፍተውም። ዳገቱ ሲጀምር ሙሉ፣ አምባው ላይ ከደረስኩና ከሞቀ ወደ ግማሽ፣ ሪራ ቀርከሃው ሲታይ አጠፋዋለሁ። አሁን የምለብሰው ስስ የቆዳ ጓንት ነው፤ የፍሬኑን ማንሻ ጣቴ ስር አውቀዋለሁ። የእጄ ጀርባ ግን አሁንም ይበርደዋል፤ ለሱ ከአሮጌ ጀሪካን የቆረጥኩትን የንፋስ መከለያ ከመሪው ፊት አስሬያለሁ፣ ቢጫ ነው፣ አያምርም።