በቤት ለሚማሩ ልጆች ቡድን የተግባር ሳይንስ ሲያስተምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ውጤቱን አስቀድሞ መናገር

ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው፤ ሌሎቹም ስህተቶች በአብዛኛው ከዚሁ ይመነጫሉ። አስተማሪው «አሁን ፊኛው ሲነፋ ታያላችሁ» ካለ ለልጁ የሚቀረው ማየት ብቻ ነው። የቤኪንግ ሶዳና የአቼቶ ሙከራ ብዙ ጊዜ የሚባክነው በዚህ መንገድ ነው። አረፋው ይገነፍላል፣ ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ጠረጴዛው ይጠረግና ትምህርቱ ያበቃል።

በዚያው ቁሳቁስ እውነተኛ ጥያቄ ማንሳት ይቻላል። በአምስት ተመሳሳይ ጠርሙሶች ውስጥ 50፣ 50 ሚሊ ሊትር አቼቶ ይጨምሩ። በአምስት ፊኛዎች ደግሞ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ፣ አንድ እና አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ሶዳ ይክተቱ፤ ማንኪያው ለጥ ብሎ የተሞላ ይሁን። ፊኛዎቹን ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ነፍተው ያላሷቸው፤ አዲስ ፊኛ ስለሚጠነክር ልኬቱን ያዛባል። የፊኛውን አፍ በጠርሙሱ አፍ ላይ አጥብቀው ካለበሱ በኋላ ወደ ላይ አንስተው ሶዳውን ያራግፉ። ይህ ከመሆኑ በፊት ግን እያንዳንዱ ልጅ የትኛው ፊኛ እንደሚበልጥ ግምቱን በደብተሩ ይጻፍ።

ብዙዎቹ «ሶዳ የበዛበት» ይላሉ። አምስት በመቶ አሲድ ያለው 50 ሚሊ ሊትር አቼቶ ግን የሚበቃው ለ3.5 ግራም ሶዳ ብቻ ነው፤ ይህም ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሶዳ አሲድ ስለማያገኝ ጋዝ አይሰጥም። የፊኛዎቹን ዙሪያ በክር ሲለኩ የመጨረሻዎቹ ተቀራራቢ ሆነው ይገኛሉ፤ «ለምን?» የሚለው ጥያቄም ከልጆቹ አፍ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። በቤኪንግ ሶዳ ፋንታ ቤኪንግ ፓውደር አይጠቀሙ፤ በውስጡ የራሱ አሲድና ስታርች ስላለ መጠኑ አይገጥምም።

የተለመደውን ማብራሪያ ሳይመረምሩ መድገም

ውሃ ባለበት ሳህን መሃል ሻማ ይበራል፣ ብርጭቆ ይደፋበታል፤ ሻማው ሲጠፋ ውሃው ወደ ብርጭቆው ውስጥ ይወጣል። «ኦክስጅኑ አልቆ ውሃው ቦታውን ያዘ» የሚለው ማብራሪያ በሰፊው ይነገራል፤ ግን ትክክል አይደለም። ሻማው የሚጠፋው ኦክስጅኑ ተሟጦ ሳያልቅ ነው፤ የተቃጠለውም ቢሆን በካርቦን ዳይኦክሳይድና በውሃ ትነት ይተካል። ዋናው ምክንያት ሙቀት ነው። ነበልባሉ ያሞቀው አየር ይሰፋና ከፊሉ ከብርጭቆው ያመልጣል። ሻማው ጠፍቶ የቀረው አየር ሲቀዘቅዝ የውስጡ ግፊት ይቀንሳል፤ የውጭው አየርም ውሃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ይህን ማብራሪያ ልጆቹ ራሳቸው ይፈትኑት። ውሃው በፍጥነት የሚወጣው መቼ ነው፤ ሻማው እየነደደ ሳለ ወይስ ከጠፋ በኋላ? በአንድ ሻማ ፋንታ ሦስት ቢበራስ? በብርጭቆው ያለው ኦክስጅን ያው ሆኖ ሳለ፣ ሦስት ሻማ ሲበራ ውሃው ይበልጥ ከፍ ይላል። የረጅም ፀጉር ባለቤቶች ፀጉራቸውን ይሰሩ፤ ክብሪቱን የሚለኩሰው አዋቂ ብቻ ይሁን።

ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መቀየር

ፔንዱለም (በክር ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ክብደት) ጥሩ ምሳሌ ነው። ልጆች ክብደት ለመጨመር የብሎን ዳዶዎችን አንዱን ከሌላው ሥር ያንጠለጥላሉ። ያኔ የፔንዱለሙ ርዝመትም አብሮ ይጨምራል፤ ዥዋዥዌው ሲዘገይ ጥፋቱ በክብደቱ ላይ ይላከካል። ዳዶዎቹ ሁሉ በአንድ ነጥብ ላይ ይንጠልጠሉ፤ ርዝመቱም የሚለካው ክሩ ከታሰረበት ቦታ እስከ ክብደቱ መሃል ነው። አንድ ዙር ብቻ መለካትም አያስተማምንም፤ ሰዓት የያዘው ልጅ ጣቱ በመዘግየቱ የሚፈጠረው ስህተት ይጎላል። አሥር ዙር (ሄዶ መመለስ አንድ ዙር ነው) ለክተው ለአሥር ያካፍሉ። በ1 ሜትር ክር አሥሩ ዙር 20 ሰከንድ ያህል፣ በ25 ሴንቲ ሜትር ደግሞ 10 ሰከንድ ያህል ይወስዳል።

ባቄላን በብርሃንና በጨለማ እያበቀሉ በማወዳደርም ተመሳሳይ ችግር አለ። በየኩባያው ባለው ጥጥ ላይ አንድ ዘር ብቻ ከተተከለ፣ ያልበቀለው ዘሩ ሞቶ ይሁን ብርሃን አጥቶ መለየት አይቻልም፤ አምስት አምስት ይትከሉ። ጥጡ ይርጠብ እንጂ ውሃ አይቋጥርበት፤ ዘርም አየር ይፈልጋል። በጨለማ የበቀለው ረዝሞ ሲታይ «ጨለማ ይሻላል» የሚል ልጅ አይጠፋም፤ ከመልሱ በፊት የቅጠሉን ቀለምና የግንዱን ውፍረት እንዲያነጻጽር ይጠይቁት።

ሁሉንም ልጆች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መሰብሰብ

አንድ ልጅ ይሠራል፣ ሰባቱ ያያሉ። በአንድ ዕቃ ከሦስት ልጅ አይብለጥ፦ አንዱ ይሥራ፣ አንዱ ይለካ፣ አንዱ ይመዝግብ፤ ከዚያ ይቀያየሩ። ዕድሜያቸው ከተራራቀ ዕቃው አንድ ሆኖ ሥራው ይለያይ። ትንሹ ያየውን ይሳል፣ ትልቁ ቁጥሮቹን በሠንጠረዥና በግራፍ ያስቀምጥ።

የቤት ዕቃ ስለሆነ አይጎዳም ብሎ ማሰብ

በረኪና ከአቼቶ ጋር ሲቀላቀል መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በሙከራው ቀን በረኪና ከጠረጴዛው አጠገብ አይኑር። የባትሪን ሁለት ጫፍ በሽቦ ብቻ ማገናኘት ሽቦውንም ባትሪውንም ያግላል። ቀይ ኤልኢዲ (ትንሽ የኤሌክትሪክ መብራት) 2 ቮልት ያህል ስለሚፈልግ በአንድ 1.5 ቮልት ባትሪ በደንብ አይበራም፤ በ9 ቮልት ላይ በቀጥታ ከታሰረ ደግሞ ይቃጠላል፤ የኤሌክትሪክ ፍሰቱን የሚቀንስ 470 ኦም ሬዚስተር በመሃል ያስገቡ። የአዝራር ቅርጽ ያላቸውን ትናንሽ ባትሪዎች ትናንሽ ልጆች ባሉበት ቡድን ጨርሶ አይጠቀሙ። ልጅ ከዋጠው ጉሮሮውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊያቃጥለው ይችላል።

ያልተሳካውን ሙከራ ደብቆ ማለፍ

ፊኛው ካልተነፋ «ሠርቷል እንበል» አይበሉ። ከአንገቱ ጋዝ ያፈስ ይሆን? አቼቶው በውሃ ተቀላቅሎ ይሆን? ሶዳው ፊኛው ውስጥ ተጣብቆ ቀርቶ ይሆን? ልጆቹ አንዱን ግምት መርጠው ያንን ብቻ አስተካክለው ይድገሙ። ለዚህም ከአንድ ሰዓት ትምህርት ቢያንስ 15 ደቂቃ ይተርፍ፤ የመግቢያው ገለጻ ከ5 ደቂቃ ካልበለጠ ጊዜው ይበቃል።